የሉዊስ ዙሪያ የተራራ ብስክሌት መስመሮች፦ መጀመሪያ ጎማችሁን እዩ

ሉዊስ በደቡብ እንግሊዝ የምሥራቅ ሳሴክስ መቀመጫ ናት። ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከብራይተን ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል። ከተማዋ የተቆረቆረችው የኡዝ ወንዝ የሳውዝ ዳውንስን ኮረብታዎች ሰንጥቆ ወደ ባሕር በሚወርድበት በር ላይ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ግንባቸውን እዚህ ያቆሙት ይህን በር ለመቆጣጠር ነበር። ዛሬ ለብስክሌተኛ የሚጠቅመውም ይኸው አቀማመጥ ነው፤ ከዋናው ጎዳና ተነስታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ዛፍ የሌለበት፣ በግ የሚግጥበት ገላጣ ኮረብታ ላይ ናችሁ።

ፍርዱን ከመጀመሪያው እንናገር። መሬቱ በደረቀበት ወራት፣ ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ገደማ፣ መካከለኛ አቅም ላለው ሰው ከለንደን ሄዶ በአንድ ቀን ለመመለስ ከዚህ የተሻለ መስመር ማግኘት ይከብዳል። አምስት ከአምስት እንሰጠዋለን። ከኖቬምበር እስከ ማርች ግን ያው መንገድ ሌላ መንገድ ነው የሚሆነው፤ ለዚያ ወቅት ከሁለት በላይ መስጠት ሰውን ማሳሳት ነው። ዝላይ፣ የተሠራ መታጠፊያ፣ የእንጨት ድልድይ የምትፈልጉ ከሆነም ሌላ ቦታ ሂዱ። እዚህ ያለው ለዘመናት እረኛ፣ ፈረሰኛና ዓሣ ነጋዴ የተመላለሰበት መንገድ ነው። መክፈያ የለውም፣ መግቢያ ሰዓት የለውም፣ በር ላይ የሚቆም ሰውም የለውም።

ዋናው አከርካሪ ሳውዝ ዳውንስ ዌይ ይባላል። ከዊንቸስተር እስከ ኢስትቦርን 160 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ የኮረብታውን ጫፍ ጫፍ ይዞ የሚሄድ ብሔራዊ የጉዞ መስመር ነው። ኢስትቦርን አካባቢ በባሕሩ ገደል ላይ ለእግረኛ ብቻ ከተለየው ክፍል በቀር ከዳር እስከ ዳር ለብስክሌት የተፈቀደ ነው። ሉዊስን በምዕራብና በደቡብ በኩል ዞሮ ያልፋታል፤ እዚህ የምንገመግማቸው ዙሮችም ሁሉ በዚህ መስመር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

መሬቱ

ሳውዝ ዳውንስ ከላይ እስከ ታች ጠመኔ ነው። በጠመኔው ውስጥ ደግሞ ባልጩት በየንብርብሩ ተሰግስጎበታል። ጠመኔው በዝናብና በውርጭ እየተበላ ሲሄድ ባልጩቱ ይቀራል፤ በየመንገዱ ላይ ተበትኖ የምታዩት ጥቁርና ግራጫ ድንጋይ እሱ ነው። ባልጩት ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ስለት አውጥቶ ነው የሚሰበረው። የጥንት ሰው ቢላዋና መጥረቢያ ያበጀበት ድንጋይ ነውና ጎማ ለመቁረጥ አይቸገርም።

ባልጩት የቆረጠውን ጎማ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት እሾህ እንደወጋው ክብ ቀዳዳ አይደለም። ቀጥ ያለ፣ በምላጭ የተሰመረ የሚመስል ስንጥቅ ነው፤ ጎማው አየር ሲኖረው ከንፈሩ ይከፈታል፣ ሲተነፍስ ይገጥምና ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ በተነፈሰ ጎማ ላይ አትፈልጉት። ጥቂት ንፉና ጎማውን ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ ጆሯችሁን አቅርቡ፣ ጎኑን በአውራ ጣት እየተጫናችሁ ሂዱ። ካገኛችሁት በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ብዙ ጊዜ የባልጩቱ ስባሪ ጎማው ውስጥ ተሸጉጦ ይቀራል። እሱን በቢላዋ ጫፍ ሳታወጡ ካላማዳሪ ብትቀይሩ አዲሱም ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይበሳል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ጎማውን በደንብ እያያችሁ ስባሪ ብትለቅሙ ደግሞ የሚቀጥለውን ብልሽት ግማሹን አስቀድማችሁ አስቀራችሁ ማለት ነው። ስባሪው በየዙሩ ወደ ውስጥ እየገባ ነው የሚሄደው፤ ጎማው የሚተነፍሰው በተወጋበት ቀን ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ከምንም ነገር በፊት ገንዘባችሁን ጎማው ላይ አውሉት። ሾካብዞርበሩ፣ የማርሹ ብዛት፣ የብስክሌቱ ቅለት ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። የምንመክረው ጎኑ የተጠናከረ፣ ስፋቱ ከ2.25 እስከ 2.4 ኢንች የሆነ፣ ጥርሱ መካከለኛ፣ ካላማዳሪ የሌለው ቲዩብሌስ ጎማ ነው። ለውድድር የሚሠራው ወረቀት የሚያህል ቀጭን ጎማ በሚዛን ላይ ያስደስታል፤ እዚህ ግን ጎኑ ይቀደዳል። ውስጡ የሚገባውን ሲላንት፣ ማለትም ቀዳዳ የሚዘጋውን ፈሳሽ፣ በ29 ኢንች ቸርኬ ላይ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር አስገቡ። ሲላንቱ ይደርቃል፤ በየሁለትና ሦስት ወሩ ከፍታችሁ ወይም በቫልቩ በኩል ቀጭን ዘንግ አስገብታችሁ እርጥበቱን ፈትሹ። “ሲላንት አለኝ” ብለው ወጥተው ጎማቸው ውስጥ የደረቀ ላስቲክ ብቻ የሚያገኙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ትንሿን ቀዳዳ ሲላንቱ ራሱ ይዘጋታል። ስንጥቁ ከአራት ወይም አምስት ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ግን የላስቲክ መሰኪያ ያስፈልጋል። ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን ጎማውን አዙራችሁ ሲላንቱ እንዲሰበሰብበት አድርጉ፣ መሰኪያውን በመርፌው አስገቡ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተርፎ እንዲቀር አድርጋችሁ መርፌውን ሳብ አድርጉና አውጡ፣ ከዚያ ንፉ። የተረፈውን ጫፍ አትቁረጡት፤ መንገዱ ራሱ ይጨርሰዋል። ስንጥቁ ጎማው ጎን ላይ ሆኖ ጣት የሚያስገባ ከሆነ መሰኪያ አይይዘውም። ያኔ ሲላንቱን አፍስሳችሁ፣ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ አምስት በሦስት ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ከውስጥ ደርባችሁ፣ ካላማዳሪ አስገብታችሁ፣ አየሩን ቀነስ አድርጋችሁ ወደ ቤት ነው። ያቺን ቁራጭ በኮርቻ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ክብደት የላትም፣ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ብስክሌት ከመግፋት ታድናለች። ከላይ ጎሚስታ የለም።

ጎማ በሚነፋ ትንሽ የጋዝ ጠርሙስ (ካርትሪጅ) ብቻ ተማምናችሁም አትውጡ። ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ የላቴክስ ሲላንቶችን ያረጋቸዋል፤ ከአንድ ወይም ሁለት ሙሌት በኋላም ያልቃል። የእጅ መንፊያ ያዙ።

የአየሩ ልክ ከሰው ሰው ይለያያል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቲዩብሌስ ከ22 እስከ 24 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ከፊት፣ ከ25 እስከ 27 ከኋላ ጥሩ መነሻ ነው። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ አምስት ወይም ስድስት ጨምሩ፤ አለበለዚያ ጎማው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ካላማዳሪው በቸርኬና በድንጋዩ መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣበታል። ብዙ መንፋት ያድናል የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም። በጣም የተነፋ ጎማ ባልጩቱ ላይ አይተኛም፣ ይወጣበታል፤ ስለቱም በአንድ ነጥብ ላይ ሙሉውን ክብደት ያገኛል።

አሁን ወደ ጠመኔው። ደረቅ ጠመኔ ጥሩ መንገድ ነው፤ ጠንካራ፣ ፈጣን፣ ከጎማ ጋር የሚጣበቅ። እርጥብ ጠመኔ ግን ሳሙና ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ላዩ ሟሙቶ ስስ የሚያንሸራትት ሽፋን ይሆናል፣ ከሥሩ ያለው ግን እንደ ጠነከረ ይቆያል። የጎማው ጥርስ የሚቆፍርበት አፈር አያገኝም። ስለዚህ በእርጥብ ጠመኔ ላይ የጭቃ ጎማም ሆነ አየር መቀነስ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የሚረዳው አነዳዱ ነው፤ ቀጥ ብላችሁ እያላችሁ ፍጥነት ጨርሱ፣ በመታጠፊያው ላይ ፍሬን አትንኩ፣ የሚቻል ከሆነ ነጩን ትታችሁ በመንገዱ ወሰን ውስጥ ያለውን ሣር ያዙ። በአንዳንድ የኮረብታ ራሶች ላይ ደግሞ ባልጩት ያዘለ ሸክላ አፈር ተደርቦበታል። እሱ ሲርስ አያንሸራትትም፣ ይጣበቃል፤ በጎማና በፎርኩ መካከል ገብቶ ይሞላና ቸርኬው መዞር ያቆማል። ብስክሌት ተሸክሞ መውረድ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በበጋ ያለው አደጋ የትራክተር ቦይ ነው። በጭቃ ወቅት የተቀደደው ቦይ በጁን እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። የፊት ጎማ ከገባበት በጎን ለመውጣት አትታገሉ፤ ጎማው ግድግዳውን ያሻሽና መሪው ይጠመዘዛል። ፔዳሉን እኩል አግድም አድርጋችሁ ቦዩ እስኪሳሳ ድረስ ተከተሉት፣ ከዚያ የፊቱን ጎማ አንስታችሁ ውጡ።

የት መንዳት ይቻላል

ይህን ሳያውቁ የሚወጡ ብዙ ናቸው፤ ቅያሜውም ከዚህ ነው የሚጀምረው። በእንግሊዝ ሜዳው ክፍት ስለሆነ ብቻ በብስክሌት አይገባበትም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የገጠር ሕግ ብስክሌተኛ በብራይድልዌይ፣ ማለትም በፈረስ መንገድ፣ እንዲሄድ ፈቅዷል፤ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ከመስጠት ግዴታ ጋር። በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ሕግ ብዙ ገላጣ መሬት ለሕዝብ ከፍቷል፤ እሱ ግን ለእግር ብቻ ነው። አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ቀስት ቀለም ተመልከቱ፦ ቢጫ ለእግረኛ ብቻ፣ ሰማያዊ ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለብስክሌት፤ ሐምራዊና ቀይም ለብስክሌት ክፍት ናቸው። የአገሪቱ ካርታ ሥራ ድርጅት ኦርድናንስ ሰርቬይ በሚያወጣው 1፡25,000 ካርታ ላይ ረጅም አረንጓዴ ሰረዝ ብራይድልዌይ ነው፣ አጭሩ የእግር መንገድ። ለሉዊስ ዙሪያ ኦኤል11 እና ኦኤል25 የተባሉት ሁለት ወረቀቶች ይበቃሉ።

የስልክ መተግበሪያ ላይ ሌሎች የሄዱበት ቀይ መስመር ደምቆ ስለታየ ብቻ የተፈቀደ ነው ማለት አይደለም። ከሉዊስ በስተ ምሥራቅ ያለው ማውንት ካበርን ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥንታዊ ምሽግ ያለበት፣ ዓይን የሚስብ ጉብታ ነው፤ ወደ ጫፉ የሚያወጣው ግን የእግር መንገድ ነው። ብስክሌቱን ከታች ትታችሁ በእግር ውጡ፣ ያለዚያም ተዉት።

ምዕራባዊው ዙር

25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አቀበቱ ሁሉ ሲደመር 500 ሜትር አካባቢ። ሦስት ሰዓት ያዙለት።

ከባቡር ጣቢያው ወደ ዋናው ጎዳና ውጡና ወደ ግራ ታጠፉ። ግንቡን አልፋችሁ ዳገቱን ይዛችሁ እስከ እስር ቤቱ ድረስ ሂዱ፤ ከዚያ አጠገብ ወደ ድሮው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ የሚወጣውን መንገድ ያዙ። ሜዳው እ.ኤ.አ. በ1964 ተዘግቷል፣ ስሙ ግን ካርታ ላይ አለ። ከዚህ ጀምሮ መሬቱ ሣርና ጠመኔ ነው፣ አቀበቱም ለስላሳ ነው፤ ለማሟሟቂያ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በስተ ቀኝ ያለው ተዳፋት ሜይ 14 ቀን 1264 የሉዊስ ጦርነት የተካሄደበት ነው። የዓመፁት መኳንንት መሪ ሲሞን ደ ሞንትፎርት በሌሊት ሠራዊቱን ወደ ኮረብታው አውጥቶ በንጋት ቁልቁል ወረደና ንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊን አሸነፈ። የቁልቁለቱን ልክ ቆማችሁ ስታዩት ከላይ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ብላክ ካፕ ላይ ናችሁ፤ 206 ሜትር ከፍታ፣ ጥቂት ዛፎች። ከብላክ ካፕ ወደ ምዕራብ እስከ ዲችሊንግ ቢከን 248 ሜትር ድረስ ያለው ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር የሁለቱም ዙሮች ምርጡ ክፍል ነው ብንል አናጋንንም። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ብዙም አይወጣም አይወርድም፤ በሰሜን በኩል መሬቱ ድንገት ይቆረጥና የዊልድ ሜዳ አጥሩና ዛፉ ተበትኖ ይታያል፣ በደቡብ በኩል ባሕሩ። ቅዳሜና እሑድ ግን መኪና ማቆሚያው ከዲችሊንግ ቢከን ጎን ስለሆነ ሰውና ውሻ ይበዛል። ደወል ያዙ፣ ከሩቅ ተናገሩ፣ ፈረስ ስታዩ ደግሞ ቁሙ። ከኋላ ድምፅ አጥፍቶ የሚመጣ ብስክሌት ፈረስ ያስደነብራል፤ ደወሉም ራሱ አንዳንዱን ያስደነግጠዋል፣ ስለዚህ ለፈረሰኛ በድምፅ ሰላምታ መስጠት ይሻላል።

በዚያው ጫፍ ተመልሳችሁ፣ ብላክ ካፕ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ሳውዝ ዳውንስ ዌይ ወደ ደቡብ የሚታጠፍበትን ምልክት ተከተሉ። ከዚህ ጀምሮ እስከ ሃውስዲን እርሻ ድረስ አራት ኪሎ ሜትር ያህል በአመዛኙ ቁልቁል ነው። ሣሩ ያታልላል። ለስላሳ መስሎ ፍጥነት ያስይዛል፣ ከሥሩ ግን የጥንቸል ጉድጓድና የደረቀ የከብት ዱካ አለ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ በር እንዳለ አስባችሁ ንዱ። የኤ27ን አውራ ጎዳና በድልድይ ትሻገራላችሁ፣ በባቡሩ ሐዲድ ሥር ታልፋላችሁ፣ ከዚያ የቀኑ ከባድ አቀበት ይጀምራል። ወደ ኪንግስተን አናት የሚወስደው ይህ ዳገት መጀመሪያው ጠባብና ድንጋያማ ነው፤ ከደከማችሁ እዚህ ቢገፋ አያስነውርም።

አናቱ ላይ ስትደርሱ ጀግስ ሮድን ይዛችሁ ወደ ሉዊስ ትወርዳላችሁ። ይህ መንገድ የብራይተን ዓሣ አጥማጆች ዓሣቸውን ለሉዊስ ገበያ ያመጡበት የነበረ ነው፤ ጀግስ የሚለው ስም እነሱኑ ነው የሚጠራው። ከተማ ሲቃረብ ጠብቦ በቁጥቋጦ መካከል ስለሚያልፍ እግረኛ ድንገት ይገጥማል። ከኤ27 በላይ ባለው ትንሽ ድልድይ ተሻግራችሁ ሳውዝኦቨር ሠፈር ትገባላችሁ።

ወደ ግንቡ በኪር ስትሪት አቋርጠው ለመሄድ ለሚያስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ዳገት ነው። ጠመኔ የተቀባ ጎማ እዚያ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ወርዳችሁ ግፉ።

ምሥራቃዊው ዙር

32 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አቀበቱ ከምዕራባዊው ጥቂት ይበልጣል፣ ግን በሁለት ትላልቅ ዳገቶች ተጠቅልሎ የሚመጣ ነው። አራት ሰዓት።

በጀግስ ሮድ ውጡ፤ ከኪንግስተን መንደር ቀጥታ የሚወጣው ጠመኔ ያጠረ ቢመስልም ዳገቱ ፔዳል አያስረግጥም። አናቱ ላይ ሳውዝ ዳውንስ ዌይን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተከተሉ። በአይፎርድ ሂል በኩል የእርሻ ኮንክሪት መንገድ ያገኛችኋል፤ አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ፣ በእርጥብ ቀን ግን ይህን ዙር የሚያድነው እሱ ነው። ከዚያ መስመሩ ወደ ሸለቆ ይወርድና ሳውዝኢዝ ያደርሳችኋል። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ቤት ልብ በሉት፤ ክብ ነው። በመላው ሳሴክስ እንዲህ ያለ ክብ ግንብ ያላቸው ቤተ ክርስቲያናት ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሦስቱም በዚሁ በኡዝ ሸለቆ።

ሳውዝኢዝ የዚህ ዙር ወገብ ነው። ባቡር ጣቢያ አለው፣ ከወንዙ ማዶ ኢትፎርድ እርሻ ላይ ደግሞ ዋይኤችኤ የሚባለው ድርጅት የተጓዦች ማረፊያ አለ። ውኃችሁን እዚህ ሙሉ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ጫፍ አንድ ጠብታ የለውም። ጎማው ወይም ጉልበቱ ካስቸገረም ወደ ሉዊስ የሚመለሰው ባቡር እዚሁ ነው። አየሩ ከተበላሸ ከዚህ በላይ መውጣት አያዋጣም።

የኢትፎርድ ሂል አቀበት ከወንዙ ዳር፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከማይበልጥ ቦታ ተነስቶ 164 ሜትር ይደርሳል፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት። እዚህ ነው ማርሽ የሚመዘነው። ከፊት 32 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 51 ጥርስ ከሆነ በ29 ኢንች ቸርኬ አንድ የፔዳል ዙር 1.46 ሜትር ገደማ ያስኬዳል፤ በደቂቃ 60 ዙር ብታዞሩ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ከሩብ ነው። ከፊት በ30 ብትቀይሩት አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ጉልበቱ ግን ይተነፍሳል። ከኋላ ትልቁ 42 የሆነ ብስክሌት ያለው ሰው ይህን ዳገት በጉልበት ነው የሚወጣው። ኮርቻው ጫፍ ላይ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ደረታችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ብትቆሙ የኋላ ጎማው ሣሩ ላይ ይሽከረከራል።

ከአናቱ ጀምሮ በቤዲንግሃም ሂል የሬዲዮ ማማዎች በኩል እስከ ፈርል ቢከን 217 ሜትር ያለው መንገድ እንደ ሰገነት ነው። በጫፉ ላይ የሚታዩት ክብ ጉብታዎች የነሐስ ዘመን መቃብሮች ናቸው፣ በሕግም የተጠበቁ ናቸው። ለዝላይ ይመቻሉ፣ አትንኳቸው። ከፈርል ቢከን አልፋችሁ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ቦፒፕ የሚባለው መኪና ማቆሚያ ይመጣል፤ እዚያ ወደ ሰሜን በቦስታሉ ውረዱ። ቦስታል በሳሴክስ ሰዎች አነጋገር የኮረብታውን ፊት የሚወጣ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ይኼኛው አስፋልት ነው፣ ጠባብ ነው፣ መኪና ከታች ይመጣበታል። ከታች የድሮው የሠረገላ መንገድ የሚባለውን ይዛችሁ በኮረብታው ግርጌ ወደ ምዕራብ ወደ ፈርል መንደር ተመለሱ። በበጋ ድንቅ ነው፣ በክረምት ግን ከኮረብታው የሚወርደው ውኃ ሁሉ የሚተኛበት ቦታ ስለሆነ ያኔ በጫፉ ተመልሳችሁ ቀደም ባለው በፈርል ቦስታል ውረዱ።

ከፈርል ወደ ግላይንድ ስትሄዱ ኤ27ን ማቋረጥ አለባችሁ። የዙሩ ትልቁ አደጋ ባልጩቱ አይደለም፣ ይህ ነው። መኪናው ፈጣን ነው፤ ወርዳችሁ በእግራችሁ ተሻገሩ። ከግላይንድ ጣቢያ ሉዊስ አንድ ፌርማታ ነው።

ጊዜው ለሚያጥር፣ ከሉዊስ ብላክ ካፕ ደርሶ በዚያው መመለስ አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ከሰዓት በኋላ ለሚመጣ ሰው ይበቃዋል።

ነፋስ፣ በር፣ ከብት

ጫፉ ላይ መጠለያ የለም። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው፤ ምሥራቃዊውን ዙር ከላይ በጻፍነው አቅጣጫ የምንመክረውም ረጅሙን ጫፍ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ ለመጨረስ ነው። ምዕራባዊው ላይ ወደ ዲችሊንግ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይመታችኋል፣ ስትመለሱ ይከፍላችኋል። ትንበያው ለከተማው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ካለ ጫፉ ላይ ከዚያ የበለጠ ጠብቁ፤ በበጋም ቢሆን ስስ የነፋስ ጃኬት አይቅር።

በሮቹ ብዙ ናቸው። ተዘግቶ ያገኛችሁትን ዝጉ፣ ተከፍቶ ታስሮ ያገኛችሁትን እንደዚያው ተዉት፤ ገበሬው ከብቱን ወደ ውኃ ለማሳለፍ ከፍቶት ሊሆን ይችላል። በፀደይ በጎች ግልገል ይዘው በመንገዱ ላይ ይተኛሉ፤ እናትና ግልገሏ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሆነው ካያችኋቸው ቆማችሁ እስኪገናኙ ጠብቁ። ላም ከነጥጃዋ ካለች ዞር ብላችሁ እለፉ፣ በመካከላቸው አትግቡ።

ከጉዞ በኋላ

ጠመኔ ሲደርቅ ስሚንቶ ነው። እርጥብ እያለ በዝቅተኛ ግፊት ውኃ ቢታጠብ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ አንድ ሌሊት ካደረ መፋቅ ነው የሚቀረው። ኃይለኛ የውኃ መርጫ ኩሽኔታዎቹ ላይ አታነጣጥሩ፤ ቅባቱን አስወጥቶ ጠመኔውን ያስገባዋል። ካቴናውን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡና ትርፉን ጥረጉ፤ ትርፍ ዘይት ከጠመኔ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሆነው። የካቴና መለኪያ 0.5 በመቶ ካሳየ ቀይሩት፣ የኋላ ጥርሶቹን ከመብላቱ በፊት።

የፍሬን ሸራም በእርጥብ ጠመኔ ቶሎ ያልቃል። ለዝናብ ወቅት የብረት ቅልቅል ያለው ሸራ ከሬዚኑ ይበልጥ ይቆያል፣ ድምፁ ግን ይበዛል። ሸራው 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቀየር አለበት፤ ረጅም እርጥብ ቀን ካሰባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሚሊ ሜትር እንዳለው እዩ።

ባቡሩን በተመለከተ፦ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 7 እስከ 10 ለንደን በሚገቡና ከቀትር በኋላ ከ4 እስከ 7 ከለንደን በሚነሱ የሳውዘርን ኩባንያ ባቡሮች የማይታጠፍ ብስክሌት አይፈቀድም። ይህ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 4፣ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ይህ ገደብ የለም። ኖቬምበር 5ን ግን ጨርሶ ተዉት። በዚያ ምሽት ሉዊስ በየዓመቱ የችቦና የእሳት በዓሏን ታከብራለች፤ መንገዶቿ ይዘጋሉ፣ በቅርብ ዓመታት ባቡሩም ከከሰዓት በኋላው ማብቂያ ጀምሮ እዚያ አይቆምም። ቀኑ እሑድ ከዋለ በዓሉ ቅዳሜ ይሆናል፣ መዘጋቱም አብሮት ይዞራል።